የድርና ማግ ሰዓት

በ፲፱፻፶፪ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር መገባደጃ፣ ከጠዳ ጥቂት በእግር እንደ ተሄደ በምትገኘው በሾላ ሜዳ ቀበሌ መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ተጠርጎ ነበር፤ ወደ ደምቢያ የተዘረጋው ሜዳ ግን እንደ ወትሮው የጤፍና የዳጉሳ ክምር ሞልቶት አልታየም። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የገባው የወባ ንዳድ አጫጁንም ወቂውንም አንድ ላይ ጠርጎ ስለ ወሰደ፣ ብዙ ማሳ ጦሙን አድሮ፣ ብዙ ጎጆ በሩ በእሾህ ተዘግቶ ቀርቶ ነበር።

በዚያ ዓመት ከሞቱት አንዱ፣ ሕዝቡ «ድሬሰር» እያለ የሚጠራው የጤና ረዳቱ አቶ ይባረክ ነበር፤ ለሌላው ኪኒን ሲያድል ሰንብቶ፣ ለራሱ ባዶ ጠርሙስ ተርፎት ሞተ። ሚስቱ ወይዘሮ ባንቺአየሁ በጎንደር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ የተማረች፣ በሾላ ሜዳ ትምህርት ቤት አምስተኛና ስድስተኛ ክፍልን የምታስተምር ብቸኛ ሴት መምህር ነበረች፤ አንዲቱ ልጇ ጽጌሬዳም እሷው ዘንድ ትማር ነበር።

ባንቺአየሁ ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉን አስቀድሞ ማየት ልማዷ ነው። ውሻ ሲጮኽ ለቅሶ፣ ሰማይ ሲደምን በረዶ፣ በር ሲንኳኳ መርዶ ይታያት ነበር። ጎረቤቶቿም፣ «ባንቺአየሁ ዘንድ መርዶ ነጋሪ ሥራ ፈት ነው፤ እሷ ቀድማው ታለቅሳለች» እያሉ ያሟት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን ፍርሃቷ መልክና ስም አገኘ፤ ስሙም ግራዝማች አያና ነበር። ግራዝማች የሟች ታላቅ ወንድም፣ በአገሩም የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ በአገር ልማድ አባቷ በሞተባት ልጅ ላይ የሚያዙት እሳቸው ነበሩ። «ፊደሉንም ቆጠረች፣ ደብተሩንም ሞላች፤ አሁን የሚቀራት ባል ነው» ይሉ ነበር። በጭልጋ በኩል አንድ ባለ ርስት አጭተውላት፣ ከትምህርት ቤት ለማስወጣት አንዲት ምክንያት ብቻ ይጠባበቁ ነበር። ባንቺአየሁም ይህንን ታውቅ ነበርና፣ ልጇን በየጠዋቱ ስታስቀድማት ዓይኗ ከኋላዋ አይለይም ነበር።

በንዳዱ ጊዜ አንድ ቀን አላምረው የሚባል ተማሪዋ በክፍል ቆሞ፣ ትንኝ ከዕንቁላል ወደ ዕጭ፣ ከዕጭ ወደ ሙሽሬ፣ ከሙሽሬ ወደ ክንፋም እንዴት እንደምትለወጥ አንዲት ቃል ሳይስት በቃሉ ወጣው። «ሸጋ!» አለችው፤ ልጆቹም አጨበጨቡለት። በዚያው ሳምንት የአላምረው እኅት በወባ ሞተች። ባንቺአየሁ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ በጓሮው ብትዞር፣ ልጁ ለምርጊት ጭቃ ከወጣበት ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ ጠጠር ወደ ውሃው ሲወረውር አገኘችው።

«አላምረው፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጭቃ ያወጣንበት ነው፣ እትዬ።»

«ውስጡ የሚላወሰውስ?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። «ትል ነው» አለ።

የደብተሩ ዕጭና የጉድጓዱ ትል በዚያ ልጅ ልብ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ባንቺአየሁ ይህን ባየች ጊዜ በልቧ፣ ስንቱን እንዲህ አስተምሬ፣ ስንቱን እንዲህ ሸኝቼ ይሆን አለች። ከዚያ ወዲህ የዓርብን የመጨረሻ ሰዓት ለአንድ ነገር ብቻ ለየችው።

«የተማራችሁት ድር ነው» አለቻቸው፤ «ድር ብቻውን አይለበስም። ማጉ ያለው ቤታችሁ ውስጥ፣ ማሳችሁ ውስጥ፣ መንገዳችሁ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት የትኛውን ድር ከየትኛው ማግ ጋር ሸመናችሁት?»

ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። የለመዱት የተሰጣቸውን መመለስ ነው፤ ያልተሰጣቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በኋላ አላምረው ራሱን እንዳቀረቀረ፣ «ጉድጓዱን ከአባቴ ጋር ደፈንነው» አለ። ከእሱ በኋላ አንደበታቸው ተፈታ። ስትናገር የምትንተባተበው አበቡ አንድ ዓርብ ተነሥታ፣ አባቷና ጎረቤታቸው በድንበር የሚጣሉት የሚለኩበት ገመድ በጤዛ ሲርስ ስለሚያጥር፣ በቀትርም ሲደርቅ ስለሚረዝም መሆኑን፣ ይህንንም በሳይንስ ትምህርት ስለ ርጥበት ከሰማችው ጋር እንዳገናኘችው ተናገረች።

«እንግዲያ ገመዷን ክሰሷታ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዳኛው ፊት ስትቀርብማ ደርቃ ትረዝማለች!» አለ ሌላው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አበቡም ሳይታወቃት ሳትንተባተብ አብራ ሳቀች።

የጥምቀት በዓል ሲቃረብ፣ የትምህርት ቤቱ ሹም አቶ ክንዱ ፊታቸውን አጥቁረው ወደ ባንቺአየሁ መጡ።

«ኢንስፔክተሩ ከጥምቀት በፊት ባለው ዓርብ ይመጣል» አሏት። «ምነው ቀን ጠፍቶ ዓርብ! በዚያ በእርስዎ የወሬ ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ገበዙ ቄስ ውዱም፣ ግራዝማችም ተጠርተዋል። ልጆቹ አፋቸው ያመጣላቸውን ቢቀባጥሩ እኔ የለሁበትም።»

ባንቺአየሁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክፉ ክፉው ይታያት ጀመር። ልጆቹ ዝም ቢሉስ? የማይባል ነገር ቢያመጡስ? ግራዝማች የሚፈልጉት ምክንያት በዚያች ሰዓት ቢወለድስ? ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ በመጨረሻ አገር የለመደው፣ እሷም ያደገችበት መላ ታያት፤ ማስጠናት። ባለፉት ወራት ልጆቹ ያመጧቸውን ሐሳቦች መርጣ፣ የማይስቱትን ልጆች መርጣ፣ አንዱን ለአንዱ አከፋፍላ ቃል በቃል አስደገመቻቸው። ሐሳቡ የማን እንደ ነበረ አላሰበችም፤ ያሰበችው ማን ሳይንተባተብ ይለዋል የሚለውን ብቻ ነበር።

ጽጌሬዳ ግን ቤት ስትገባ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ የገመዱ ነገር የአበቡ ነው። ምነው ለአላምረው ሰጠሽው?»

«አበቡ ሰው ፊት ትንተባተባለች። አላምረው ቃል አይስትም።»

«የአላምረው አባት እኮ በድንበር ተጣልቶ አያውቅም!»

«ኢንስፔክተሩ የአላምረውን አባት የት ያውቃቸዋል?»

«ለእኔስ ምን ሰጠሽኝ?»

«ለአንቺ» አለች ባንቺአየሁ፣ «ዝምታ ሰጠሁሽ። አጎትሽ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ እንዳትነሺ።»

በተቀጠረው ዓርብ ኢንስፔክተር አቶ ፋንታሁን በላንድሮቨር ደረሱ፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸውን አቧራ ያለበሰው፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ገበዙ ቄስ ውዱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ግራዝማች አያና ካባቸውን አጣፍተው፣ በትምህርት ቤቱ ግብረ ገብ የሚያስተምሩት መሪጌታ ኃይለ ማርያምም እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

አላምረው ተነሣ፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጤዛው፣ ስለ አባቱና ስለ ጎረቤታቸው ጠብ አንዲት ቃል ሳይስት ተናገረ። አቶ ክንዱ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግሩም ነው» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ለመሆኑ ጎረቤታችሁ ማን ይባላሉ?»

አላምረው ራሱን አከከ። ወደ ባንቺአየሁ ተመለከተ፤ ወደ ጣሪያውም ተመለከተ።

«እሱን አላጠናሁም፣ ጌታዬ» አለ።

ከኋላ ያሉት ልጆች ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ፤ ግራዝማች ግን ሳያፍኑ ሳቁ። ኢንስፔክተሩ ሌላይቱን ልጅ አስነሥተው ጠየቁ፤ ያው ሆነ።

«የተጠና ማሰብ!» አሉ አቶ ፋንታሁን በቀስታ። «ይህን በየትም አላየሁም። እስቲ እናንተ ልጆች፣ ማንም ያላስጠናችሁን፣ ራሳችሁ ያገናኛችሁትን አንድ ነገር የሚነግረኝ ማን ነው?»

ባንቺአየሁ ልጇን አየቻት፤ ልጇም እሷን። እናቲቱ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ጽጌሬዳ ተነሣች።

«በየዓመቱ ለጥምቀት አባቶቻችን ወንዛችንን በድንጋይና በቄጠማ ይገድቡታል» አለች። «ከበዓሉ በኋላ የተባረከ ነው ተብሎ ግድቡን ማንም አይነካውም፤ ክረምት መጥቶ እስኪያፈርሰው እንደ ቆመ ይኖራል። ባለፈው ግንቦት ውሃ ልቀዳ ወርጄ ውስጡን አየሁት፤ በደብተራችን የሣልነው ዕጭ ሞልቶበታል። መሪጌታ ደግሞ ዮርዳኖስ ወራጅ ነው፣ ጌታችን የተጠመቀው በሚሄድ ውሃ ነው ብለው አስተምረውናል። ሁለቱን ሳገናኛቸው፣ ከቃና ዘገሊላ ማግሥት ግድቡን ብንከፍተው ውሃው እንደ ዮርዳኖስ ይሄዳል፤ ትንኟም ቤት ታጣለች ብዬ አሰብኩ።»

ቄስ ውዱ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መትተው አስጮኹት።

«ባሕረ ጥምቀቱን የወባ ቤት አለችው! ታቦት ያደረበትን! በአባቶቿ ፊት!» አሉ። «ይህች ልጅ ከዚህ ቤት ትውጣ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ የምእመን ልጅ ይህንን ደጃፍ አይረግጥም።»

ግራዝማች አያና አልተቆጡም፤ የሚጠብቁት ደርሶላቸዋልና ድምፃቸው ማር ነበር።

«አይቆጡ፣ አባ። የልጅ ነገር ነው። ተማረች፣ በቃት፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ትገባለች። ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ የሠርግ ወራት ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ባንቺአየሁ ዞሩ። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ይህንንስ ማን አስጠናት?» አሉ።

ባንቺአየሁ በዚያች ጊዜ ስለ ትምህርትም ስለ ወባም አላሰበችም። የታያት በቅሎ ነው፤ በበቅሎው ላይ ፊቷን በነጠላ የተሸፈነች ልጅ ወደ ጭልጋ ስትሄድ ነው። ልጅቱ በራሷ አሰበች ቢባል ጥፋቱ የልጅቱ ነው፤ ተሰጥቷት ተናገረች ቢባል ግን ጥፋቱ የሰጪዋ ይሆናል። ሰዓቱ ከገባ ጀምሮ ክፍሉ ሁሉ የተጠና ሲል ቆይቷልና፣ አንድ ቢጨመር የሚጠራጠር አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያስጠናኋት» አለች። «ቃል በቃል። እሷ ምን ታውቃለች፤ እንደ ሌሎቹ የሰጠኋትን ነው ያለችው።»

ጽጌሬዳ ዞር ብላ አየቻት። አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ ዓይኗን አፍጥጣ ተመለከተቻት፤ ልጅቱም እንደ ተመታች ሁሉ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«እንግዲያ ልጅቱ ምን በደለች?» አሉ ቄስ ውዱ፣ ቁጣቸውን ከልጅቱ አንሥተው በእናቲቱ ላይ እያዞሩ። «ልጅ የሰጧትን ነው የምትል። ነውረኛዋ አስተማሪይቱ ናት!»

አቶ ፋንታሁን መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት፤ ሲናገሩም የተቆጡ አይመስሉም፣ የደከማቸው ይመስሉ ነበር።

«ዛሬ አንዲት የራሷን የምትናገር ልጅ አገኘሁ ብዬ ነበር» አሉ።

ባንቺአየሁ ይህ ቃል ከቄሱ እርግማን ይልቅ ዘልቆ ተሰማት።

ልጆቹ ከተሰናበቱ በኋላ ኢንስፔክተሩና አቶ ክንዱ ተማክረው ነገሩን ቆረጡ። ካህናቱ ያኮረፉባት መምህርት በሾላ ሜዳ ልትቆይ አትችልም ተባለ፤ ሰው ወደ ታጣበት ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ትዛወራለች። የምትመደብበት ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ልጇን ይዛ ብትሄድ ትምህርቱ ሊቀር፣ ትታት ብትሄድ ግራዝማች ሊወስዷት ነው። ባንቺአየሁ ዕድሜዋን ሁሉ ክፉውን ስትጠብቅ ኖራ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዲህ በለዘበ ድምፅ፣ «ለሥራው መቃናት ሲባል» እያለ ይመጣል ብላ አልገመተችም።

በዚያን ጊዜ መሪጌታ ኃይለ ማርያም ወደ ግራዝማች ቀረቡ።

«ግራዝማች» አሉ፣ «እኔ ዘንድ ዳዊት ሲደግሙ ስንቴ ተሳስተዋል?»

«ኧረ መሪጌታ፣ በሰው ፊት!» አሉ ግራዝማች እያፈሩ።

«ስንቴስ ከቤቴ አስወጣሁዎት? አንድ ቀንም አላስወጣሁዎትም። ልጅቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ከባለቤቴ ከእናኑ ጋር በእኔ ቤት ትቆያለች። በደል ከሌለባት ለምን ትወጣለች?»

ግራዝማች ገበዙን አዩ፣ ኢንስፔክተሩን አዩ፤ ያስተማሯቸውን የኔታ በሰው ፊት እንቢ ማለት ግን ለእሳቸው ከብዶ ታያቸው። «እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ» ብለው ካባቸውን ሰብስበው ወጡ።

ሰው ሁሉ ሲበተን መሪጌታ ከባንቺአየሁ አጠገብ ቆሙ።

«ዮርዳኖስ ወራጅ ነው ብዬ ያስተማርኩ ዕለት እርስዎ አልነበሩም» አሏት በዝግታ። «በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የእኔ ነው ማለት ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። እናት ስታደርገው ግን ምን እንደሚባል መምህሮቼ አልነገሩኝም።»

«ምንም ይባል፣ መሪጌታ» አለች። «ልጄን ግን ውሃ አጠገብ አያስተኙብኝ።»

የጥምቀት ዕለት ቄስ ውዱ በወንዙ ዳር ቆመው ሰበኩ። መሪጌታ በመካከሉ ባሉት ቀናት ምን እንዳሏቸው የሚያውቅ የለም፤ ቄሱ ግን በስብከታቸው መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ዮርዳኖስ ወራጅ ነው! ጌታ የቀደሰውን ውሃ አስረን የምናሸት እኛ ማን ነን?» አሉ። ሕዝቡም እልል አለ። ከቃና ዘገሊላ ማግሥት ጎረምሶች ዶማ ይዘው ወርደው ግድቡን ከፈቱት።

ባንቺአየሁ የተጓዘችው በዚያው ማለዳ ነበር። ጓዟ በበቅሎ ተጭኖ፣ ነጂው አያ ሸዋረግ ከፊት ቀድሞ፣ ጽጌሬዳ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘቻት። ውሃው ድንጋዩን እያንከባለለ፣ ቄጠማውን እያጋደመ ቁልቁል ይሮጥ ነበር። ሁለቱም ቆመው አዩት።

«የእኔ ነበር፣ እማዬ» አለች ልጅቱ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ የራሴ ነበረኝ፤ እሱንም አስጠናኋት አልሽ። አላምረው፣ ‹አንቺም እንደኔ ነሽ ለካ› እያለ ይስቅብኛል።»

«አንቺን ከማጣ ሐሳብሽን ልጣ ብዬ ነው።»

«ያጣሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አጣሽ?»

ባንቺአየሁ የልጇን ነጠላ አስተካከለችላት። ያላት ምክር ብቻ ነበርና እሱን ሰጠቻት። «ማታ ነጠላሽን ደርቢ። ስትመለሺ ከአበቡ ጋር ተመለሺ። አጎትሽ ቢጠራሽ መሪጌታን ሳታስፈቅጂ እንዳትሄጂ። ትኩሳት ቢሰማሽ ነገ ይለቀኛል እንዳትዪ…» እያለች ስትቆጥር፣ አያ ሸዋረግ ከማዶ፣ «እመቤቴ፣ ፀሐይ ሳይከር እንሂድ እንጂ! ዳገቱ ይጠብቀናል!» አላት። ልጅቱ የእናቷን ጉልበት ሳመች፤ ቀና ስትል ግን ዓይኗን አላየቻትም። ባንቺአየሁ ወንዙን ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር ሦስት ጊዜ ዞራ አየች፤ ጽጌሬዳ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ እንደ ቆመች ነበረች።

መካነ ብርሃን ብርዱ የሚያቃጥል፣ ትንኝ የማያውቃት አገር ነው። ባንቺአየሁ በዚያ ብዙ ዓመት አስተማረች፤ የዓርቡንም ሰዓት አልተወችውም፤ ሹም ይመጣል በተባለ ቁጥር ግን ልቧ እየተሸበረ፣ ልጆቹን ሳታስጠና እጆቿን አጣጥፋ ትጠብቅ ነበር። ጽጌሬዳም ትምህርቷን ጨረሰች፤ ወደ ጭልጋም አልሄደችም። በክረምት እየመጣች እናቷን ትጠይቅ ነበር፤ ስለዚያች ዓርብ ግን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሡም።

በኋላ ዘመን የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ዲዲቲ ረጩ፤ ስለ ንዳዱ መቀነስ የተጻፈው ሁሉ ስለ እነሱ ነው፤ መጻፉም ይገባል። ስለ ሾላ ሜዳ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት የተጻፈው ግን አንዲት መምህርት ለተማሪዎቿ የማይገባ ነገር አስጠንታ መዛወሯ ብቻ ነው። የአገሩን ሽማግሌዎች ግድቡ ከቃና ማግሥት ለምን እንደሚከፈት የጠየቃቸው ሰው ቢኖር፣ «ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» ይሉታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቄስ ውዱ በራእይ ታይቷቸው ነው ይላሉ። እንዲህ ሆኖ ገበሬው የአባቶች ነው አለ፣ ካህኑ የራሱ ነው አለ፣ መዝገቡ የእናቲቱ ነው አለ፤ የጽጌሬዳ ነው ያለ አንድም ሰው የለም። ፍርሃት ያደረባት እናት ልጇን ለማዳን የተናገረችው ውሸት በቀለም ተጽፎ ሲኖር፣ አንዲት ልጅ ሁለት ትምህርት አገናኝታ ያገኘችው እውነት በየዓመቱ በጥር ከሚከፈተው ግድብ ጋር ቁልቁል ይወርዳል፤ የሚጠጣውም ከብት፣ የሚሻገረውም ሰው ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም።